ስለ አዲስ መኪና የኋላ ክንፍ

መኪና አዲስ ስለ ሆነ ብቻ ሁሉ ነገሩ ጠብቋል ማለት አይደለም። ከኋላ የሚገጠመው ክንፍ፣ ማለት ስፖይለር፣ በፍጥነት ጊዜ ነፋሱ የመኪናውን ጀርባ እንዳያቀለው ይረዳል። የሚያያዘውም በብሎን ወይም በማጣበቂያ ነው።

ክንፉ በእጅ ሲነካ ቢነቃነቅ በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። ፍጥነት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲወጣ የነፋሱ ግፊት 4 ጊዜ ይበዛልና። ስለዚህ በከዚራ በዝግታ ሲነዱ ዝም ያለው ክንፍ፣ በደወሌ መንገድ ተነቅሎ ከኋላ የሚመጣውን ባለሞተር ሊመታ ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ እስኪጠገን ድረስ በፍጥነት አለመንዳት ነው። ቀጥሎም በራስ እጅ ከመፍታት በፊት፣ የዋስትናው ጊዜ ሳያልፍ ለሻጩ ማሳየት ይገባል።

ጥገናውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብሎን ያለ ልክ ቢጠብቅ ስሱ ቆርቆሮ ይጎደጉዳል፤ በቀዳዳውም ውኃ ይገባል። ማጣበቂያም በአቧራና በቅባት ላይ አይዝም፤ የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ደካማውን ያላላዋል። ስለዚህ አሮጌው ተፍቆ ቦታው በአልኮል ይጠረጋል፤ አዲሱም በደንብ ተጭኖ ከተለጠፈ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ሳይታጠብ ይቆያል።

ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋራ የተቆረቆረች፣ የባቡር መጠገኛም ያላት ናት። የሚንቀጠቀጥ ነገር ሁሉ ብሎኑን እንደሚያላላ ለድሬዳዋ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። እንግዲህ መኪና የገዛ ሁሉ ቀለሙን ከማድነቁ በፊት ማያያዣውን ይመርምር።