ሰርቨሩ ሲወድቅ በሩን ሲያንኳኳ የነበረው ማን ነው?

ነይ ሆዴ፣ ወንበርሽን ሳቢና አጠገቤ ተቀመጪ። ዶሜይን ኮንትሮለሩ ዛሬም በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ተነሳ አሉኝ። ቢሮው ሁሉ «ፓስወርዴ እምቢ አለኝ» እያለ ሲያዋክብሽ እንደዋለም ፊትሽ ይናገራል። የስልክሽን ድምፅ ቀንሺና ስሚኝ።

አንደኛ፣ ተነሳ ብለሽ አትመኚው። ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የሚገባውን ሰው ማንነት የሚያጣራው ኤልሳስ የሚባለው ፕሮሰስ ነው። እሱ ከሞተ ሰርቨሩ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ሲነሳ ጤነኛ ይመስላል፤ ሕመሙ ግን አብሮት ተነስቷል።

ሁለተኛ፣ ከመገመትሽ በፊት ሎጉን ክፈቺ። ኢቨንት ቪወር ገብተሽ አፕሊኬሽን ሎግ ላይ 1015ን ፈልጊ፤ የኤልሳስን መውደቅ የሚናገረው እሱ ነው። አጠገቡ 1000 ካገኘሽ የወደቀውን ሞጁል ስም አንብቢ። ሞጁሉ ከሌላ ኩባንያ የመጣ የፓስወርድ ማጣሪያ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሪ። ሰዓቱን እስከ ሰከንዱ ጻፊና በዚያች ደቂቃ በሩን ሲያንኳኳ የነበረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሴኪዩሪቲ ሎግን እዪ፤ 4768 የኬርቤሮስ፣ 4776 የኤንቲኤልኤም ጥያቄ ነው። ኤልሳስን የጣለው የመግቢያ ጥያቄ ሳይመዘገብ ሊቀር ስለሚችል በአንድ ቀን ብቻ አትፍረጂ፣ የኔ እናት። ሁለት ሦስቱን አወዳደቅ አስተያዪ፤ ሁልጊዜ ከመውደቁ በፊት ጥያቄ የሚልክ ኮምፒውተር ካለ እሱን ለጊዜው ከኔትወርኩ አውጥተሽ ሞክሪ።

ሦስተኛ፣ ድንገት ነው የሚወድቀው ወይስ እየደከመ? የኤልሳስን ሜሞሪ ጠዋት ስትገቢ፣ ቀትር ላይና ማታ ስትወጪ መዝግቢ። የዶሜይኑን ዳታቤዝ ሜሞሪ ላይ ስለሚይዝ መጠነኛ ዕድገት ያለ ነው፤ ማቆሚያ ካጣ ግን እየፈሰሰ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የወጣው የማይክሮሶፍት አፕዴት ያመጣው ጣጣ ይኸው ነበር፤ ኤልሳስ የኬርቤሮስ ጥያቄ ሲያስተናግድ ሜሞሪ እያፈሰሰ ሰርቨሮችን ጣለ። ማይክሮሶፍት ከማርች 22 ጀምሮ አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ። እንዲህ ያለው ችግር በሪስታርት የዳነ ይመስላል፤ ሜሞሪው ባዶ ይሆንና እንደገና መሙላት ይጀምራል። ስለዚህ ከመውደቁ በፊት ምን አፕዴት እንደገባ ሳታዪ ሰርጎ ገብ ነው ብለሽ ቢሮውን አታስደንግጪ።

አራተኛ፣ ለምርመራ የኤልሳስን ዳምፕ፣ ማለትም የሜሞሪውን ቅጂ፣ ካወጣሽ እንደ ቤትሽ ቁልፍ ያዢው። የሰው ሁሉ የመግቢያ ምስጢር እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። «እስቲ እዩልኝ» ብለሽ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፊው፣ አደራ! ለሚመለከተው ድጋፍ ሰጪ ብቻ፣ በተቆለፈ መንገድ ላኪው።

አምስተኛ፣ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። አንድ ዶሜይን ኮንትሮለር ብቻ ይዘሽ እንቅልፍ አታገኚም፤ ሁለተኛውን አስፈቅጂ። አፕዴት ሲመጣም ሁለቱ ላይ በአንድ ቀን አትጫኚ። አንዱ ላይ ጭነሽ፣ ሜሞሪውን ጥቂት ቀን ተከታትለሽ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂጂ።

አለቃሽ «ተነሳ ወይ?» ሲልሽ «ተነስቷል፤ ለምን እንደወደቀ ግን ገና እያጣራሁ ነው» በዪው። ይህን ማለት አያሳፍርም፣ እህቴ። በይ አሁን ምሳሽን ብዪና 1015 የተመዘገበበትን ሰዓት ጽፈሽ አምጪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።