የጥድ አጥር ከውስጥ ለምን ይደርቃል?

በአዲስ አበባ ብዙ ግቢዎችን የሚከልለው የፈረንጅ ጥድ ከውጭ ሲታይ አረንጓዴ ግድግዳ ይመስላል። ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጎ ወደ ውስጥ ለተመለከተ ግን የሚታየው ቡናማ እንጨት፣ የረገፈ ቅጠልና ጨለማ ነው። አጥሩ ባረጀ ቁጥር ይህ ባዶ ክፍል እየሰፋ ይሄዳል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

የብርሃን ሒሳብ

ቀለም ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን በእያንዳንዱ ንብርብር እኩል ድርሻውን እያጣ ይዳከማል። ሞንሲና ሳኤኪ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1953 ለዕፅዋት ቅጠልም ተጠቅመውበታል። ለምሳሌ አንድ የቅጠል ንብርብር ከደረሰው ብርሃን ግማሹን ይይዛል እንበል። ከአምስት ንብርብር በኋላ የሚተርፈው 1/32ኛው፣ ማለትም 3 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል።

ቅጠል በብርሃን አስተፃምሮ ስኳር ያመርታል፤ ለመተንፈስ ደግሞ ስኳር ያጠፋል። ገቢው ዘወትር ከወጪው ካነሰ ይሞታል። ከላይ ከላይ ብቻ የሚከረከም አጥር ጫፉ ላይ ብዙ ቀንበጥ ስለሚያወጣ ውጩ ይጠቀጠቃል፤ ውስጡ ይጨልማል። እንግዲህ የውስጡ መራቆት በራሱ በሽታ አይደለም።

የእኛ ስሕተት

በአውሮፓ ለአጥር የሚተከለው ቦክስዉድ የተባለ ቁጥቋጦ ከአሮጌ እንጨቱ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ሲያረጅም አጥብቆ መቁረጥ ያድሰዋል። እኛም ለትምህርት በቆየንበት አገር ይህን አይተን ስለነበር፣ እንደተመለስን የግቢያችንን ጥድ እስከ ቡናማው እንጨት ድረስ አስቆረጥነው። ክረምቱ መጥቶ አለፈ፤ አንድ ቀንበጥ እንኳ ብቅ አላለም። የፈረንጅ ጥድ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት አያቆጠቁጥምና ለዓመታት ያደገው አጥር በአንድ ቀን ሥራ ጠፋ።

እንክብካቤው

አንደኛ፣ መቀሱ ከአረንጓዴው ክፍል አይለፍ። አጥሩን ከልጅነቱ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ መከርከም ይሻላል።

ሁለተኛ፣ አጥሩ ከሥሩ ሰፋ፣ ከአናቱ ጠበብ ይበል። አናቱ ከሰፋ የታችኛውን ቅጠል ያጠላበታል።

ሦስተኛ፣ ቡናማው ቀለም ወደ ውጩ ቅጠል ከወጣ ጥፋተኛው ጥላ ብቻ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ ከታየ በኋላ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተዛምቶ አገራችንም የገባ የጥድ ክሽክሽ አለ። በቅርንጫፉ ላይ የሚያጣብቅ ፈሳሽና ጥቁር ጥላሸት ከታየ የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ የተራቆተውን ቦታ በመቁረጥ ለማደስ ከመድከም፣ የሞተውን ነቅሎ በዝናብ ወራት አዲስ ችግኝ መትከል ይበጃል።

ስለዚህ አንባቢያችን መቀስ ከማንሳታቸው በፊት ቅርንጫፉን ገልጠው አረንጓዴው የት ላይ እንደሚያበቃ ይመልከቱ። ያ መስመር የመቀሱ ድንበር ነው።