የሴትዮዋ ፊት ለምን አረንጓዴ ሆነ?

አንድ ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ «ፊቱ ጠቆረ» እንላለን። ደስ ሲለው «ፊቱ በራ» እንላለን። የታመመውን ሰው ደግሞ «አመድ መስሏል» እንለዋለን። ታዲያ የሰውየው ቆዳ በእውነት ከሰል ወይም አመድ ሆኖ ነው? አይደለም። ያየነው የውስጡን ስሜት ነው፤ ለስሜቱም ቀለም ሰጠነው። እኛ በቃል የምናደርገውን በብሩሽ ያደረገ አንድ ሠዓሊ ነበር። በዚህ ትምህርት የሱን ሥራ እንመለከታለን።

ሠዓሊው ማን ነበር?

ስሙ ኤሚል ኖልዴ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1867 በጀርመንና በዴንማርክ ድንበር አካባቢ፣ ኖልዴ በምትባል መንደር፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። የቤተሰቡ ስም ሐንሰን ነበር፤ በ1902 ግን የመንደሩን ስም መጠሪያው አደረገው። በወጣትነቱ የተማረው እንጨት መቅረጽ ነው።

በዚያ ዘመን አንዳንድ የጀርመን ሠዓሊዎች አዲስ መንገድ ያዙ። መንገዱ ኤክስፕሬሽኒዝም ይባላል። የነገሩን መልክ እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ ስሜትን መግለጽ ይበልጣል ማለታቸው ነው። ኖልዴም ከነሱ አንዱ ሆነ።

የውሃ ቀለም እንዴት ይሠራል?

በነጭ ነጠላ ላይ ቡና ጠብ ቢል ምን ይሆናል? ጠብታው በወደቀበት አይቆምም፤ ዙሪያውን ይስፋፋል። ነጠላው እርጥብ ከሆነማ ይብሳል። ኖልዴም ውሃ የሚመጥ የጃፓን ወረቀት ይወስድና ያረጥበዋል። ከዚያ በብሩሽ ቀለም ያሳርፍበታል። ቢጫው ወደ ቀዩ ይፈሳል፤ ሰማያዊው ከቢጫው ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ይወጣል። በዘይት ቀለም የተሳሳተ ሰው በላዩ ደግሞ ይቀባል። በውሃ ቀለም ግን የፈሰሰ ፈሰሰ ነው። ስለዚህ እጅም ዓይንም ፈጣን መሆን አለባቸው።

በዚህ ዘዴ ብዙ የሴቶችን ፊት ሳለ። በነዚህ ሥዕሎች ብዙውን ጊዜ ፊቷ ወረቀቱን ይሞላዋል። ቤት የለም፣ ዕቃ የለም፤ ከኋላዋ ያለው ቀለም ብቻ ነው። ጉንጯ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ ከንፈሯ ደማቅ ቀይ፣ ፀጉሯ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ዓይኗን ግን በጥቂት የጠቆሩ መስመሮች ያጠብቀዋል። የሚያይ ሰው «እንዲህ ያለ ሴት የት አለች?» ይል ይሆናል። መጠየቅ ያለብን «ይህች ሴት ምን ተሰምቷታል?» ብለን ነው። አረንጓዴው ሐዘን ነው ወይስ ቅናት? መልሱ በአንድ ቀለም ብቻ አይገኝም፤ ዓይኑንና አፉን አብረን ማየት አለብን። አንድን ፊደል ብቻውን አይተን ቃሉን እንደማናውቅ ማለት ነው።

ተረቱና እውነቱ

በ1933 ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን ያዙ። እንዲህ ዓይነቱን ሥዕል «የዘቀጠ» አሉት። ከ1937 ጀምሮ ከጀርመን ሙዚየሞች ከ1,000 በላይ የኖልዴ ሥራዎች ተወሰዱ። በ1941 ደግሞ ሥራውን እንዳይሸጥና እንዳያሳይ ታገደ። በነዚያ ዓመታት በትናንሽ ወረቀት ላይ ብዙ የውሃ ቀለም ሥዕሎች ሠራ። ከጦርነቱ በኋላ «ተደብቆ የሳለ፣ ናዚዎችን የተቃወመ ጀግና ነው» ተባለ። ብዙ ሰውም አመነ።

ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ኖልዴ ራሱ ናዚዎችን ይደግፍ ነበር፤ በ1934 በአካባቢው የናዚዎች ድርጅት አባል ሆነ። አይሁዳውያንን ይጠላ ነበር። በ1933 ማክስ ፔክሽታይን የተባለውን የሙያ ባልደረባውን አይሁዳዊ ነው ሲል ለባለሥልጣን ጠቆመ፤ ያውም በሐሰት። እገዳውም ቤቱ ተቀምጦ እንዳይስል አላደረገውም። እሱ በ1956 ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ደብዳቤዎቹን አነበቡ። በ2019 በበርሊን በተደረገ ኤግዚቢሽን ይህ ሁሉ ለሕዝብ ታየ። በዚያው ዓመት በአንጌላ መርክል ቢሮ የነበሩት ሁለት የኖልዴ ሥዕሎች ከግድግዳው ወረዱ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ያማረ ሥዕል የሠዓሊውን መልካምነት አይመሰክርም። የሠዓሊው ክፋትም በወረቀቱ ላይ ያለውን የሴትዮዋን ዓይን አያጠፋውም። ሁለቱን ለይተን፣ ግን ሁለቱንም አውቀን ማየት አለብን። ሥዕሉን በዓይናችን እናነባለን፤ የሰውየውን ሥራ ደግሞ በጽሑፍ እናነባለን። ያንን የጀግንነት ተረት ያፈረሰው ሌላ ነገር አይደለም፤ ንባብ ነው። ማንበብ የቻለ ሰው የነገሩትን ብቻ ይዞ አይቀርም።

የቃላት ፍች

ኤክስፕሬሽኒዝም — ከመልክ ይልቅ ስሜትን የሚገልጽ የአሳሳል መንገድ
መመጠጥ — ፈሳሽን ወደ ውስጥ መሳብ
ማገድ — መከልከል

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ስሜትን በቀለም የሚገልጹ ሌሎች ምን አባባሎች ታውቃላችሁ?
2. በውሃ ቀለም ሲሳል መፍጠን የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
3. የክፉ ሰው ሥራ ያማረ ቢሆን፣ በሕዝብ ፊት መሰቀል አለበት ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ጻፉ።