ነጥቦቹን ለምታነቢው ልጄ

ልጄ፣ የሉኬሚያ ናሙና በፍሎው ሳይቶሜትሪ ማንበብ ልትጀምሪ መሆኑን ሰማሁ። የመጽሐፉን ለመጽሐፉ ትቼ፣ አጠገብሽ ብቀመጥ የምነግርሽን ልጻፍልሽ።

1. ከማሽኑ በፊት የጥያቄ ወረቀቱን አንብቢ። ስቴሮይድ ተጀምሯል? ሐኪሙ የታመመው ልጅ ትንፋሽ ሲያጥረው አይቶ ዴክሳሜታዞን ቢሰጥ አልፈርድበትም። ግን ሊምፎብላስት በስቴሮይድ ቶሎ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ የተቀዳ መቅኔ ሊያሳስትሽ ይችላል። ወረቀቱ ዝም ካለ ደውዪ።

2. የማይክሮስኮፕ ስላይዱን ሳታዪ ሪፖርቱ ላይ አትፈርሚ።

3. የሲዲ4 ቆጠራ ልማድሽን በር ላይ ተዪው። አገራችን ውስጥ ብዙ ባለሙያ ፍሎው ሳይቶሜትሪን የተዋወቀው በኤችአይቪ ክትትል ነው። እዚያ የሚፈለገው ቁጥር ነበር፤ እዚህ መጀመሪያ የምታዪው ሴሎቹ የት እንደቆሙ ነው። ሲዲ45ን ከሳይድ ስካተር ጋር ስታወጪ ጤነኛ ሊምፎሳይቶች ከታች በስተቀኝ ይሰበሰባሉ፤ ብላስቶቹ፣ ያልበሰሉት የሉኬሚያ ሴሎች፣ ሲዲ45 ስለሚደበዝዝባቸው ወደ ግራ ይሸሻሉ። አንዳንዴ ጭራሹን ይጠፋባቸውና ገና ካልበሰሉ ቀይ ሴሎች ጋር ይቀላቀላሉ። ያን ጊዜ በሲዲ19 ወይም በሲዲ34 ፈልጊያቸው።

4. የሉኬሚያውን ዘር፣ ቲ፣ ቢ ወይስ ማይሎይድ መሆኑን፣ በሴሉ ውስጥ ፈልጊ። ቲ ለማለት ሳይቶፕላዝም ውስጥ ያለ ሲዲ3 ያስፈልግሻል፤ ላዩ ላይ ላይኖር ይችላል። ሲዲ7 ብቻውን ምስክር አይሆንም፣ ማይሎይድ ሉኬሚያ ላይም ይገኛል። ለቢ ከሲዲ19 ጋር ሲዲ22፣ ሲዲ79ኤ ወይም ሲዲ10 ጨምሪ፤ ሲዲ79ኤ አንዳንድ ቲ ላይ ብቅ እንደሚል አትርሺ። ለማይሎይድ ኤምፒኦ ሁልጊዜ ይኑር። አንቲቦዲው ወደ ሴሉ ካልገባ ግን ሁሉም ኔጌቲቭ ይመስላል። ስለዚህ እዚያው ናሙና ውስጥ የቀሩት ኒውትሮፊሎች ኤምፒኦ መያዛቸውን እዪ። በጤነኛ ቲ ሴሎች አትተማመኚ፤ ሲዲ3 ላያቸው ላይም ስላለ ያታልሉሻል። ኒውትሮፊሎቹ ካልያዙ ድገሚው፣ ኃላፊሽ ቢያጉረመርምም።

5. አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ቢ ሉኬሚያ ሲዲ10 ከሌለውና ሲዲ15 ካለው የኬኤምቲ2ኤ ጂን መዛባትን ጠርጥረሽ ጻፊ። ሉኬሚያው ቲ ሆኖ ሲዲ1ኤ እና ሲዲ8 ከሌሉት፣ ሲዲ5 ከደበዘዘ፣ ሲዲ34 ወይም ሲዲ33 ደግሞ ካለ የቲ መነሻ ደረጃ ዓይነቱ ነውና ለይተሽ ጥቀሽው። ላዩ ላይ አንድ ዓይነት ላይት ቼይን ብቻ ያለው፣ ሲዲ34ም ቲዲቲም የሌለው የቢ ሴል በሽታ ከገጠመሽ ቡርኪት ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ሌላ ነው፤ ሪፖርቱ እስኪታተም ሳትጠብቂ ደውዪ።

6. ሄማቶጎን የብዙዎችን እጅ ያንቀጠቅጣል። ጤነኛ የቢ ሴል ጀማሪዎች ናቸው፤ ከኬሞ በኋላ በሚያገግም ሕፃን መቅኔ ውስጥ ይበዛሉ፣ እንደ ሉኬሚያው ሲዲ10 አላቸው። ልዩነቱ ጉዞው ላይ ነው። ሄማቶጎን እንደ ተማሪ ከክፍል ክፍል ያልፋል፤ ሲዲ34 እየጠፋ ሲዲ20 ቀስ በቀስ ይመጣል። ሉኬሚያው አንድ ክፍል ላይ ደጋሚ ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ ሲዲ10 ከልክ በላይ ይደምቃል፣ ሲዲ38 ይደበዝዛል። ከሕክምና በኋላ የቀረ በሽታ ስትፈልጊ ወሰኑ በተለምዶ 0.01 በመቶ፣ ማለትም ከ10,000 ሴል 1 ነው። ለዚህ መጀመሪያ የተሳበውን መቅኔ ለምኚ፤ ኋላ የሚመጣው በደም ይቀጥናል።

7. በሽተኛው ሲዲ19ን ዒላማ የሚያደርገውን ብሊናቱሞማብ ወስዶ ከሆነ በሲዲ19 ብቻ አትፈልጊ፤ ሉኬሚያው ሊጥለው ይችላል። ሲዲ22 እና ሲዲ24 ያግዙሻል።

8. ፊላደልፊያ ክሮሞዞምን ፍሎው አያረጋግጥም፤ ፊሽ ወይም ፒሲአር ይጠይቃል። የሕክምና ምርጫ ስለሚቀይር የተረፈውን ናሙና የበሽተኛውን ስም ጽፈሽበት አስቀምጪ፣ በዚያው ቀንም ላኪው።