መጀመሪያ አከራይሽን እወቂ

ቆይ፣ ወደ ላይ መልሺው። እሱን አይደለም፤ የሽንት ቤቱን። «ከዛሬ ጀምሮ ሠራተኞቻችን ሽንት ቤት ሲሄዱ ደቂቃ እንደማንቆጥርባቸው ስንገልጽ ታላቅ ደስታ ይሰማናል።» ወይ አንቺ! ቡናዬን ልታስደፊኝ ነበር። መጋዘን ውስጥ ያልሠራ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከየትም አያመጣውም። ኩባንያው ማድረግ የነበረበትን ደግ ነገር እንዳደረገው አስመስሎ መናገር ከስድብ ይልቅ ያማል።

አሁን ላፕቶፑን ትንሽ ወደ እኔ አዙሪልኝ። «ይከሱኛል» ብለሽ እንቅልፍ አጥተሽ ሰንብተሻል፤ እኔ የምፈራልሽ ግን ሌላ ነው። ይህ ኩባንያውን አስመስለሽ የምታሾፊበት ገጽ የሚቀመጠው ማን ቤት ነው? በወር አምስት ዶላር የምትከፍያቸው፣ ስማቸውን እንኳ በቅጡ የማታስታውሻቸው ሰዎች ጋ? እህ። እንግዲያው ወንበር ሳቢልኝ።

ጠበቃ አይደለሁም፤ ይህን አትርሺ። ጠበቆች ቢሮ ለዓመታት ፋይል ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት የያዝኩት ነገር ቢኖር፣ ኩባንያ ቀልድሽን ሲጠላው መጀመሪያ አንቺ ጋ እንደማይመጣ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ? አንቺን ቢከስሽ ጋዜጣ ላይ ትወጪያለሽ፤ ገጽሽን ያላየው ሁሉ ሊያየው ይሽቀዳደማል። ቤቱን ያከራየሽን ድርጅት ግን በአንድ ኢሜይል ማስደንገጥ ይቻላል። እሱስ ላንቺ አምስት ዶላር ብሎ ከትልቅ ኩባንያ ጠበቆች ጋር ምን አታገለው?

የስ ሜን የሚባሉትን ታውቂያቸዋለሽ፤ ዣክ ሰርቪንና ኢጎር ቫሞስ። አንቺ አሁን የምትሠሪውን ሥራ በዓለም ላይ እንደነሱ ያሳመረው የለም። ሕንድ አገር ቦፓል ከተማ ውስጥ በዲሴምበር 1984 ከዩኒየን ካርባይድ ፋብሪካ ያመለጠ መርዛማ ጋዝ ሺዎችን ገደለ። ዶው ኬሚካል ያንን ኩባንያ በ2001 ገዛው፤ ዕዳው ግን የእኔ አይደለም አለ። ሁለቱ ሰዎች በ2002፣ አደጋው 18 ዓመት በሞላበት ቀን፣ የዶውን ገጽ የሚመስል ገጽ ከፍተው፣ ኩባንያው ለቦፓል ኃላፊነት መውሰድ የማይችለው ለምን እንደሆነ በራሱ በኩባንያው ለስላሳ አነጋገር ጻፉ። አንብበሽው ትስቂና ወዲያው ሳቁ አፍሽ ላይ ይደርቃል።

የዶው ጠበቆች ለነሱ መልስ በመጻፍ ጊዜ አላጠፉም። ገጹ ያረፈው ኒውዮርክ በሚገኝ፣ ዘ ቲንግ በሚባል ትንሽ የአርቲስቶች ኔትወርክ ላይ ነበር። ዘ ቲንግ ደግሞ መስመሩን የሚከራየው ቬሪዮ ከሚባል ትልቅ ድርጅት ነበር። ጠበቆቹ የጻፉት ለአከራዩ አከራይ ነው። ቬሪዮም አንዷን ገጽ ከመንቀል ይልቅ መላውን ኔትወርክ ለሰዓታት ቆረጠው፤ ከቀልዱ ጋር ምንም ጉዳይ ያልነበራቸው ሠዓሊዎችና ማኅበራት ሁሉ አብረው ጨለማ ውስጥ አደሩ። ቀጥሎም ውሉን እንደሚያቋርጥ ለዘ ቲንግ አሳወቀ። የተጣላው ሌላ፣ ከቤት የተባረረው ሌላ።

የዶሜይኑ፣ ማለትም የገጹ አድራሻ፣ ነገር ደግሞ አለ። ቀልዱ እንዲጣፍጥ ብለው በዶው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ልጅ ስም አስመዘገቡት። ልጁ ምን አደረገ? መታወቂያውን አሳይቶ «ስሙ የእኔ ነው፣ ስለዚህ ንብረቱም የእኔ ነው» አለና ወሰደዋ! እና አንቺ፣ ያንን ዶሜይን በጓደኛሽ ባል ስም ያስመዘገብሽውን ነገ ጠዋት ወደ ራስሽ አዙሪው። ሰው ይጣላል፣ ይፋታል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ 20ኛው ዓመት መታሰቢያ ላይ፣ ቢቢሲ ሌላውን የሐሰት ገጻቸውን የዶው መስሎት ቃለ መጠይቅ ጋበዛቸው። ሰርቪን የዶው ቃል አቀባይ ሆኖ ቀረበና ኩባንያው ኃላፊነቱን እንደሚቀበል፣ ለተጎጂዎችም 12 ቢሊዮን ዶላር እንደሚከፍል ተናገረ። ፍራንክፈርት ላይ የዶው አክሲዮን ወዲያው ከ4 በመቶ በላይ ወረደ። ቢቢሲ እውነቱን አውቆ እስኪያስተባብል ድረስ ዜናው ዓለምን ዞረ። ሁሉም ያጨበጭብላቸዋል፤ እኔ ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያን ቀን ቦፓል ውስጥ ዜናውን ሰምታ ለልጇ መድኃኒት የምትገዛ የመሰላት እናት ብትኖርስ? አንቺ ጋም አንድ ቦታ አይቻለሁ፤ «የተጎዱ ሠራተኞች ካሳቸውን ለመቀበል በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚለው። እሱን አጥፊው። ሕግ ስለሚከለክል አይደለም፤ እውነት መስሎት የሚደውለው ጀርባው የተሰበረው ሰውዬ ስለሆነ ነው። ሽሙጥ ወደ ላይ ይወርወር እንጂ እዚያው አጠገብሽ ያለውን አይምታ።

እዚሁ እኛ ሰፈር የሆነውን ደግሞ ልንገርሽ። ዋሽንግተን 14ኛው መንገድ ላይ ያለውን ናሽናል ፕሬስ ክለብ ታውቂው የለ? በኦክቶበር 2009 እነዚሁ ሰዎች እዚያ ጋዜጠኛ ሰብስበው የአሜሪካ ንግድ ምክር ቤት በአየር ንብረት ጉዳይ አቋሙን ለወጠ ብለው መግለጫ ሰጡ። የእውነተኛው ምክር ቤት ሰው መሐል ላይ ገብቶ እስኪጮህባቸው ድረስ ብዙዎች አምነዋል። ምክር ቤቱ ለተመሳሳይ ገጻቸው የቅጂ መብት ማስታወቂያ ላከ፤ ለማን? ለአስተናጋጃቸው መስመር ለሚያከራየው ለሃሪኬን ኤሌክትሪክ። ከቦፓሉ ገጽ ሰባት ዓመት በኋላ ያው ዘዴ! በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ድረ ገጾች አብረው ወረዱ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከምንም በፊት የምትሠሪው ይህን ነው፦ ገጹን እንዳለ ገልብጠሽ ቤት ውስጥ አስቀምጪ። ዶሜይኑን ከአንዱ፣ ማስቀመጫውን ከሌላው ተከራዪ፤ አንዱ ቢያባርርሽ ሌላው ይዞሽ እንዲቆይ። አከራይሽንም ቅሬታ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድመሽ ጠይቂው። የማይመልስልሽ ከሆነ መልሱ እሱ ነው።

ደብዳቤው የመጣ ቀን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ስለ ምንድን ነው የሚያወራው? በ1998 የወጣው ዲኤምሲኤ የሚባለው ሕግ የሚያስተናግደው የቅጂ መብትን ጉዳይ ነው፤ ስምና አርማ፣ ማለትም የንግድ ምልክት፣ በዚያ በር አይገባም። ነገር ግን ፈጣኑ በር እሱ ነው። አስተናጋጁ ማስታወቂያ ሲደርሰው ቶሎ ካወረደ ከተጠያቂነት ይድናል፤ ስለዚህ ቀልድ ይሁን አይሁን ቆሞ አይመራመርም። ኩባንያዎቹ ይህን ስለሚያውቁ የሚያቃጥላቸው ስማቸው ሆኖ ሳለ «ፎቷችንን ቀዳችሁብን» ብለው ይመጣሉ። አንቺ ደግሞ ሎጎአቸውን ከገጻቸው እንዳለ ቀድተሽ ለጥፈሽላቸዋል! አውቃለሁ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 ፓሮዲ፣ ማለትም አስመስሎ መቀለድ፣ ከዋናው ሥራ መዋስ ሊፈቀድለት ይችላል ብሏል። ሕግ የሚፈቅደው ሌላ፣ ሳይወርድ የሚቆየው ሌላ ነው። ሎጎውን በእጅሽ አጣመሽ ሥዪው፤ እንዲያውም የበለጠ ያስቃል።

ቢያወርዱትስ? የመቃወሚያ ማስታወቂያ መጻፍ ትችያለሽ። ኩባንያው ክስ ካልመሠረተ አስተናጋጁ ገጹን ከ10 እስከ 14 ባሉት የሥራ ቀናት ይመልሰዋል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት እኮ ነው። ገጽሽን የምትለቂው ለዓመታዊ ስብሰባቸው ቀን ከሆነ፣ ሲመለስ የቀዘቀዘ ሽሮ ሆኖ ነው። በዚያ ላይ መቃወሚያው ትክክለኛ ስምሽን፣ አድራሻሽንና ስልክሽን ይጠይቃል፤ ቅጂውም ለኩባንያው ይሄዳል። «ማንም አያውቀኝም» ያልሽው እዚያ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ስምሽ እንዲወጣ ትፈልጊ እንደሆነ አሁን፣ ሳትደናገጪ፣ ወስኚ።

እኔ አንድ ጊዜ ሳልወስን ደርሶብኛል። ስለ አንድ የአፓርትመንት አከራይ ድርጅት ትንሽ ሽሙጥ ጽፌ ለጥፌ ነበር። በ48 ሰዓት አጥፊ የሚል፣ ወፍራም ወረቀት ላይ የታተመ ደብዳቤ መጣ። እኔም በድንጋጤ ጽሑፉን፣ ፎቶዎቹን፣ የተጻጻፍነውን ሁሉ ጠረግኩት። በኋላ ያሳየሁት ጠበቃ ሳቀብኝ፤ ደብዳቤው የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልነበረም፣ የሌላ ጠበቃ ምኞት ነው። እኔ ግን የሚጠቅመኝን ማስረጃ በገዛ እጄ አጥፍቻለሁ። ገጹን ማውረድ ይቻላል፤ ፋይል ግን እንዳታጠፊ።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። አባባ ስለ ቅኔ ሲያወራ ወርቁ ቶሎ ከተገኘ ጣዕም የለውም ይል አልነበር? ፍርድ ቤት ሌላ ዓይነት አድማጭ ነው። ለእኛ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሰዎች ይግባኝ የሚሰማው ፍርድ ቤት ሪችመንድ ላይ ይቀመጣል፤ እሱ በ2001 የፈረደውን ስሚ። አንድ ሰው በ1995 የእንስሳት ተቆርቋሪውን ድርጅት የፔታን ስም ዶሜይን አድርጎ ወሰደና «ጣፋጭ እንስሳት የሚበሉ ሰዎች» የሚል ገጽ ከፈተ። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደሎቹ ያው ፔታ ናቸው። ድንቅ ቀልድ ነው፤ ግን ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ ምን አለ መሰለሽ? ፓሮዲ ሁለት መልእክት በአንድ ጊዜ ማስተላለፍ አለበት፤ ዋናውን መምሰልና ዋናው አለመሆን። ስሙ ብቻውን የሚናገረው «ፔታ ነኝ» የሚለውን ነው፤ ቀልድ መሆኑ የሚታወቀው ገብተው ካነበቡ በኋላ ነው። ሰምና ወርቁ እኩል ይታዩ ማለታቸው ነው እንግዲህ! ሰውየው ደግሞ ዶሜይኑን ሊሸጥላቸው የሚፈልግ የሚያስመስል ነገር ተናግሮ ነበር፤ እሱም ጎዳው።

ያው ፍርድ ቤት በ2005 የሰባኪውን የጄሪ ፎልዌልን ስም አንድ ፊደል ጨምሮ ለወሰደ ተቺ ፈረደለት። ገጹ ፊት ለፊት ከሰባኪው ጋር ግንኙነት እንደሌለው ይናገር ነበር፤ ዋናውን የሚፈልግም በዚህ ይሂድ ብሎ መንገድ ያሳይ ነበር። የሰባኪውን አቋም ይነቅፋል እንጂ ከሰባኪው ጋር ገበያ አይሻማም። አንቺ የኩባንያውን ስም እንዳለ ነው የወሰድሽው። አንድ ቃል ጨምሪበት፤ ገና ሳይከፈት የሚያስቅ ቃል። ከታች በጉንዳን ፊደል የጻፍሽውን «ይህ ቀልድ ነው» የሚለውንም ሰው በሚያየው ቦታ አድርጊው።

ይሄ ምንድን ነው? ቲሸርት? 25 ዶላር? አይሆንም። ንግድ ምክር ቤቱ በዚያ መግለጫ ምክንያት የስ ሜንን ሲከስ ከያዛቸው ክሮች አንዱ «ፊልማቸውን ለማሻሻጥ ነው» የሚል ነበር። በ2023ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጃክ ዳንኤልስን የውስኪ ጠርሙስ አስመስሎ የተሠራ የውሻ መጫወቻ ቀርቦለት፣ የሰውን ምልክት በማሾፍ ለራሱ ሸቀጥ መለያ ያደረገ ሰው ልዩ ከለላ እንደሌለው በአንድ ድምፅ ወስኗል። ቀልድሽ ንግግር ሆኖ ይቆይ። ገንዘብ ከፈለግሽ እኔን ጠይቂኝ።

የማይሸጥ ነገር ምን ያህል እንደሚከላከልልሽ ደግሞ ይኸው። በ2010 መጨረሻ ስማቸውን የደበቁ ወጣቶች ኮክ ኢንዱስትሪስ የሚባለው ኩባንያ የአየር ንብረት ለውጥን የሚክዱ ቡድኖችን መርዳት አቆመ የሚል የሐሰት መግለጫ አወጡ። ኩባንያው ዩታ ውስጥ ከሰሰ፤ የንግድ ምልክት፣ የድረ ገጽ የአጠቃቀም ደንብ መጣስ፣ ያልደረደረው አልነበረም። ፐብሊክ ሲቲዝን የሚባለው ድርጅት ጠበቆች ቆሙላቸው። ዳኛ ዴል ኪምባል በሜይ 2011 ክሱን ዘጋ፤ ማንነታቸውን ለማውጣት የተጠየቀውንም ትእዛዝ ሰረዘ።

አዲስ አበባ ሆና ካርቱኑን የምትሥልልሽ ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናት። የአሜሪካ ዳኛ ለሷ አይደርስላትም፤ እዚያ ስለ ሐሰተኛ መረጃ የሚናገር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አለ። ስሟን ገጹ ላይ ከማስፈርሽ በፊት ራሷን ጠይቂያት፤ ዝምታዋን እሺታ አድርገሽ አትውሰጂው።

እና ቢከሱሽ? ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሚባለውን ስም ስልክሽ ላይ ጻፊው፤ የስ ሜንን በዚያ በንግድ ምክር ቤቱ ክስ የተከላከለው እሱ ነው። ያ ክስ ከሦስት ዓመት በላይ ተንጠልጥሎ ኖረና በጁን 2013 ምክር ቤቱ ራሱ አነሳው። እያንዳንዷን ቀን ግን ሁለቱ ሰዎች ክስ ትራሳቸው ሥር አድርገው ነው ያደሩት፤ ይህንንም ሳልነግርሽ ባልፍ እህትሽ አይደለሁም።

በይ አሁን ሎጎውን ሥዪ፤ እኔ ቡናውን ሁለተኛ ላፍላ። የሽንት ቤቱን አንቀጽ ግን እንዳትነኪብኝ።