ቃሏ በቂ ነው፦ ሕጉ፣ ሴቷና እኛ

ስለ ጽንስ ማቋረጥ ወሬ በተነሳ ቁጥር ከጓደኞቼ የምሰማው ሁለት ዓይነት መልስ ነው። ግማሹ «ኧረ በአገራችን በፍጹም የተከለከለ ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ «እሱ ድሮ ቀረ፣ አሁን ተፈቅዷል» ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። በዚህች አጭር ጽሑፍ በመጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ቀጥሎም ኅብረተሰቡ በሕጉና በሴቷ መካከል ምን ሚና እንዳለው በተረዳሁት መጠን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድና ዘላቂ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ለዚያውም የሁለተኛ ሐኪም ስምምነት ያስፈልግ ነበር። አንድ ሐኪም እንኳ በማይገኝበት ገጠር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምተው። ክልከላው ማስወረድን አላስቀረም፣ ደበቀው እንጂ። ሥራሥር የሚጠጡ፣ ስለታም ነገር ወደ ማህፀናቸው የሚያስገቡ ሴቶች በደም መፍሰስና በኢንፌክሽን ይሞቱ፣ የተረፉትም አንዳንዶቹ መካን ይሆኑ ነበር። እነዚህን ሴቶች በየዋርዱ ያክሙ የነበሩት የጽንስና የማህፀን ሐኪሞች ሕጉ እንዲሻሻል በማኅበራቸው አማካይነት ከወተወቱት መካከል ናቸው።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ክልከላውን በመርህ ደረጃ አላነሳም። አንቀጽ 545 ጽንስ ማቋረጥ በሕግ ከተፈቀደው ውጪ ያስቀጣል ይላል። የተፈቀደውን የሚዘረዝረው አንቀጽ 551 ሲሆን ሁኔታዎቹ አራት ናቸው፦

1. እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣
2. እርግዝናው መቀጠሉ የእናቲቱን ወይም የልጁን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን፣
3. ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት ያለበት ሲሆን፣
4. እርጉዟ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጁን ለማሳደግ ዝግጁ ያልሆነች ሲሆን ነው።

ድህነት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። በአንቀጽ 550 መሠረት ከባድ ድህነት ቅጣትን ያቀልላል እንጂ ፈቃድ አያሰጥም።

ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ግን አንቀጽ 552 ንዑስ አንቀጽ 2 ነው። እርግዝናው በመደፈር መምጣቱን ለማስረዳት የሴቷ ቃል ብቻ በቂ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያም ይህንኑ ያጠናክራል፦ ደፋሪውን እንድትጠቁም ወይም ማስረጃ እንድታቀርብ አትገደድም። ዕድሜዋም ቢሆን ራሷ የተናገረችው ይመዘገባል።

«እንዲህ ከሆነማ ሁሉም እየዋሸ አይመጣም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሁለት ነገሮችን ለይቶ ከማየት ይጀምራል። ቃሏ የጤና ጣቢያውን በር ይከፍታል እንጂ ማንንም ሰው ወህኒ አያወርድም። ተከሳሽን በመድፈር ወንጀል ለመቅጣት ዐቃቤ ሕግ እንደማንኛውም ወንጀል ማስረዳት አለበት። ፍርድ ቤት ደግሞ ወራት ይፈጃል፣ እርግዝና ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በገፋ ቁጥር ማቋረጡ አደገኛ እየሆነ ይሄዳል። የፍርድ ወረቀት አምጪ ብንላት መብቷን በወረቀት ሰጥተን በተግባር መንፈግ ነው።

ውጤቱስ? በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረጉ ጥናቶች ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2008 ጽንስ ካቋረጡ 382 ሺህ ገደማ ሴቶች መካከል በጤና ተቋም ውስጥ ያቋረጡት 27 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2014 ቁጥሩ 620 ሺህ ገደማ ሲደርስ በተቋም ውስጥ የተካሄደው ድርሻ ወደ 53 በመቶ አድጓል። ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ግማሽ ያህሉ ከተቋም ውጪ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የኅብረተሰቡ ሚና የሚመጣው። ሕጉ የሴቷን ቃል ሲያምን እኛ አናምንም። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ብታረግዝ በሕጉ መሠረት በር አላት። በቤቷ ግን የሚጠብቃት «ቤተሰብ አዋረደች» የሚል ቃል ነው። የቤት ሠራተኛ ከሆነችማ ጓዟን ሸክፋ ትወጣለች፤ ያስረገዛትን ወንድ የሚጠይቅ የለም። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚሏትም አብረው አያሳድጉላትም። ስለዚህ ማንም ወደማያያት ቦታ ትሄዳለች፤ ማንም የማያያት ቦታ ደግሞ አደገኛው ቦታ ነው።

ጽንስ ሕይወት ነውና መቋረጥ የለበትም ብለው ከልብ የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው፤ እምነታቸውን አከብራለሁ። ይህ አቋም ግን ኃላፊነት ያስከትላል። ያልተፈለገ እርግዝና እንዲቀንስ የምንፈልግ ከሆነ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ለሴቶች ያረጋገጠውን የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ ወጣቶች ጋ ማድረስ አለብን። ልትወልድ የወሰነችውንም ሳናሸማቅቅ ልንደግፋት ይገባል። ሁለቱንም ሳናደርግ መፍረድ ብቻ የማንንም ሕይወት አያድንም።

በእኔ እምነት ውሳኔው የሚኖርበት የሴቷ አካል ስለሆነ በውሳኔው ውስጥ የመጀመሪያው ቃል የእሷ መሆን አለበት። የእኛ ድርሻ ሕጉን ማወቅና ማሳወቅ፣ ስትነግረንም «ማነው?» ብለን ከመመርመራችን በፊት በአቅራቢያዋ ወዳለው ጤና ጣቢያ አብረናት መሄድ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እንዳትደብቅ ከፈለግን ግን በቅድሚያ የምትነግረው ሰው ሆነን መገኘት አለብን።