ርካሽ ዕቃ ስለ መግዛት

ዋጋው ያነሰ ዕቃ መግዛት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ልጆቹን የሚያለብስበት ጥቂት ብር ብቻ ያለው ድኻ ከባሕር ማዶ የመጣውን ርካሽ ሸሚዝ ቢገዛ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። መምረጥ የሚችል ሰው ግን ከዋጋው የጎደለውን ማን እንደ ከፈለው ሊጠይቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ ብዙ ጊዜ የጎደለውን የሚከፍለው ሠራተኛው ነው። ይህን ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከገጠር የመጡ ብዙ ልጃገረዶች በአሜሪካና በአውሮፓ ታላላቅ መደብሮች የሚሸጠውን ልብስ ሰፍተዋል። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ የባንግላዴሽ ግን 95 ዶላር መሆኑን ገልጠዋል። እንግዲህ በሩቅ ያለው ገዥ ስለ ርካሽነቱ ሲደሰት፣ ርካሽነቱን የሰጠችው የእኛ እኅት ናት። እኛም ከውጭ የመጣውን ርካሽ ስንገዛ የሌላ ሰው እኅት እንዲሁ ከፍላልን ይሆናል።

2ኛ፤ ከቶ አንግዛ ብንል ግን ነገሩ አይቃናም። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ ከሆነው ከአጎዋ ገበያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ባስወጣች ጊዜ ብዙ ሠራተኞች ከእንጀራቸው ተለይተዋል። ስለዚህ ጥቂት ደመወዝ ከማጣት ይሻላል የሚሉ እውነት አላቸው። ነገር ግን ችግረኛ ሌላ ምርጫ ማጣቱ ባለጠጋው ፍርድ ለማጓደሉ ምክንያት አይሆነውም። በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ስለ ተከለከለው ደመወዝ የተጻፈውን ቀጣሪው ብቻ ሳይሆን ከትርፉ የሚካፈለው ገዥም ይስማው።

3ኛ፤ በገበያችን ያለውን አድልዎ እንመርምር። ከታላቅ መደብር ገብተን በወረቀት የተለጠፈውን ዋጋ ያለ ክርክር እንከፍላለን፤ ከሸማኔው ፊት ስንደርስ ግን የብዙ ቀን ድካሙን በግማሽ ዋጋ እንለምነዋለን። ጥለቱ በመኪና የታተመበትን የውጭ ጨርቅ እያሳየንም እናሳፍረዋለን። መኪናው አይራብም፤ ሸማኔው ግን ይራባል።

ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ግዙ፤ ቶሎ ከሚያልቅ ሦስት ልብስ የሚበረክተውን አንዱን ምረጡ። ነጋዴውን ዕቃው ከየት እንደ መጣ ጠይቁት። ፊቱን ለምታዩት ሠራተኛ የሚገባውን ሳታጎድሉ ክፈሉ።

ለመመርመር፦
በዚህ ወር ሳያስፈልገን ስለ ረከሰ ብቻ የገዛነው ምንድር ነው?
ከማን ጋር ተከራክረን፣ ለማንስ ዝም ብለን ከፈልን?